ግንባርና ራስ ላይ የወጣ ሁሉ ፎረፎር አይደለም፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም የጎጃም ልጆች፣ ሌሎቻችሁም። ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት፣ ሥራዬ ቆዳ ሕክምና ላይ ነው። ስለ ግንባርና ራስ ቆዳ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ጥያቄው ጎረፈ። ካነበብኩት እንዳየሁት ግማሾቻችሁ አንድ የሆነ ቅባት ቀብታችሁ ነው የጠየቃችሁት። ጎረቤት የሰጠው፣ እህት የተረፋት። ምን እንደወጣባችሁ ሳታውቁ አትቀቡ፣ አደራ።

*ከፍኖተ ሰላም፦ የፀጉሬ መነሻና ቅንድቤ ነጭ ቅርፊት ያወጣል፣ ያሳክከኛል። ቅቤ ስቀባው አንድ ቀን ይሻለኛል፣ ከዚያ ይብስብኛል።*

ያንቺስ እውነትም ፎረፎር ይመስላል፣ ወደ ፊት የወረደው ዓይነት። ሐኪሞች ሴቦሪክ ደርማታይተስ ይሉታል። ቅባት የሚበዛበትን ቦታ ይወዳል፦ ራስ፣ ቅንድብ፣ የአፍንጫ ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ ጀርባ፣ ደረት። ማላሴዚያ የሚባል ፈንገስ አለ፣ የሁላችንም ቆዳ ላይ ይኖራል፣ የሚመገበውም ቅባት ነው። ቅቤው ቅርፊቱን ስለሚያለሰልሰው የጠፋ ይመስልሻል እንጂ ለፈንገሱ ድግስ ደግሰሽለታል። ኬቶኮናዞል 2% ሻምፖ ግዢ። በሳምንት 2 ጊዜ፣ እስከ 4 ሳምንት። ፀጉሩን ሳይሆን ቆዳውን እሺው፣ ግንባርሽንም ጨምሪ፣ ዓይንሽ እንዳይገባ ተጠንቀቂ፣ 5 ደቂቃ ያህል አቆይተሽ ታጠቢው። ብዙ ሰው ቀብቶ ወዲያው ያጥበውና "አልሠራልኝም" ይላል። ከተሻለሽ በኋላ በ1 ወይም በ2 ሳምንት አንዴ ይበቃል፣ ምክንያቱም ይሄ ነገር ይመላለሳል። ለጋ ቅቤ ተዪ ማለት በእናቶቻችን ፊት እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ግን እስኪረጋጋ ድረስ ቢያንስ ከቆዳሽ አርቂው።

*ይተላለፋል እንዴ?*

አይተላለፍም። በማበጠሪያም በትራስም።

*ከቢቸና፦ ታናሽ ወንድሜ የቆሎ ተማሪ ነው። ራሱ ላይ ክብ ክብ እየሆነ ፀጉሩ ረገፈ። ጓደኞቹም አላቸው። የፈንገስ ክሬም ገዝቼ ላክሁለት፣ ምንም ለውጥ የለም።*

ይሄ ቆረቆር ነው። ይተላለፋል፣ እዚያ ጎጆ ውስጥ ደግሞ ተጠጋግተው ነው የሚተኙት፣ ሁሉም በአንድ ምላጭ ነው የሚላጩት። ክሬሙ ያልሠራው ፈንገሱ ፀጉሩ ሥር ገብቶ ስለተቀመጠ ነው፣ ከላይ የተቀባ አይደርስበትም። የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ጤና ጣቢያ ውሰደው፣ ብዙ ጊዜ ግሪሲዮፉልቪን ነው የሚታዘዘው፣ በክብደቱ ተለክቶ ከ6 እስከ 8 ሳምንት። አንድ የማይነገር ነገር ልንገርህ፦ ይሄ መድኃኒት ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። ጾም ካልሆነ በወተት፣ ጾም ከሆነ ዘይት ካለው ወጥ ወይም ከለውዝ ጋር ይዋጠው። 2 ሳምንት ወስዶ ፀጉሩ ብቅ ሲል እንዳያቋርጥ። ምላጭና ቆብ ለየራስ ይሁን፣ የኔታንም አናግራቸው፣ ጓደኞቹ ካልታከሙ መልሶ ይይዘዋል። ራሱ ላይ መግል ያዘለ ለስላሳ እብጠት ካየህ ግን አታፍርጡት፣ ዛሬውኑ ይታይ፣ ካለፈ ፀጉር የማይበቅልበት ጠባሳ ይተዋል።

*ከዳንግላ፦ አባቴ 60 አልፏቸዋል። ግራ ግንባራቸውን 2 ቀን አቃጠላቸው፣ ዛሬ ጠዋት ውሃ የቋጠረ ነገር አወጣ፣ ወደ ራሳቸውም ወጥቷል። ምች ነው ተብሎ ዳማ ከሴ ታሸላቸው።*

ስልኩን አስቀምጥና አባትህን ይዘህ ውጣ። በአንድ ጎን ብቻ ሆኖ፣ መጀመሪያ አቃጥሎ ከዚያ ውሃ ከቋጠረ አልማዝ ባለጭራ ነው የሚያስብለው። ድሮ ቺክንፖክስ የሚባለውን፣ ውሃ የሚቋጥር ሽፍታ ያወጣው ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ሰውነት ሲደክም ይነሳል። ግንባር ላይ ሲሆን የሚያስፈራው ለዓይን ነው፣ በተለይ የአፍንጫ ጫፍ ላይም ከታየ። የቫይረሱ መድኃኒት አሳይክሎቪር ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ነው የሚመረጠው። የኤችአይቪ ምርመራ ቢጠየቁ አትቆጡ፣ የተለመደ ነው። ጠበሉንም ይጠመቁ፣ አልቃወምም፣ ግን መጀመሪያ ሐኪም ዓይናቸውን ይይላቸው።

*ከባሕር ዳር፦ ለወራት የፎረፎር ሻምፖ ተጠቀምኩ። ቅርፊቱ ወፍራም ነው፣ ከፀጉሬ መስመር አልፎ ግንባሬ ላይ ወርዷል።*

ክርንህንና ጉልበትህን እይ። ጥፍርህ በመርፌ ጫፍ የተወጋ ይመስላል? ከሆነ ሶሪያሲስ ሊሆን ይችላል። ቆዳ ራሱን ለማደስ ወር ገደማ ይፈጅበታል፣ በሶሪያሲስ ግን በቀናት ይጣደፋል፣ ለዚያ ነው የሚደራረበው። ቅርፊቱን በጥፍር አትላጠው፣ ይብስበታል። ይሄም አይተላለፍም። መገጣጠሚያህን የሚያምህ ከሆነ ለሐኪሙ ንገረው፣ ይገናኛል።

*ከሞጣ፦ ግንባሬ ጠቆር ብሎ ነበር፣ ጓደኛዬ የሰጠችኝ ክሎቤታሶል የሚባል ቅባት አቀላልኝ። አሁን ስተወው ያቃጥለኛል፣ ብጉርም ወጣብኝ።*

እህቴ፣ እሱ ኃይለኛ ስቴሮይድ (የቆዳ መቆጣት የሚያበርድ መድኃኒት) ነው፣ ለፊት አይደለም። ቆዳሽን አቅጥኖታል። ስትተዪው መባሱ የሚጠበቅ ነው፣ ያ ግን መልሰሽ ለመቀባት ምክንያት አይሆንም። እንዴት እንደምታቆሚው ሐኪም ይንገርሽ፣ እስከዚያ ከፀሐይ ተጠለዪ። ጭርት ላይ የሚቀቡትም አሉ፤ መቅላቱ ይጠፋል፣ ፈንገሱ ግን ከሥር ይስፋፋል።

*ማሳከክ የለውም፣ ግን ፀጉሬ የረገፈበት ቦታ ጠባሳ ሆኖ ቀረ፣ ፀሐይም ያብሰዋል።*

ይሄን በጽሑፍ አልገምትም። ሉፐስ የሚባል የቆዳ በሽታ እንዲህ ያደርጋል፣ ጠባሳ የሆነበት ቦታ ፀጉር ደግሞ አይመለስም። በዚህ ሳምንት ታይ፣ ሪፈር ከተባልክም አትቅር። ስትሄድ ቅባት ሳትቀባ ሂድ፣ እስካሁን የቀባኸውንም ሁሉ ቱቦውን በፌስታል ይዘህ።