እናቴ ሙሉ ማደንዘዣ ብትወስድ ትጃጃለች ወይ? ላልከው

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር እናትህን ይማርልህ። «የ74 ዓመት እናቴ ወድቃ ዳሌዋ ተሰብሯል፤ ዘመዶች ግን ሙሉ ማደንዘዣ አእምሮ ስለሚያዛባ አታሠራት ይሉኛል» ብለሃል። እኔም አባባን በዚሁ ስብራት ስላስታመምኩ ያየሁትን ልጻፍልህ።

ማደንዘዣውን ፈርተህ ኦፕሬሽኑን እንዳትተው። የዳሌ ስብራት ሳይሠራ ሲቀር ሰው አልጋ ላይ ይውላል፤ ከዚያ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋት፣ የጀርባ ቁስል ይከተላል። ሕመሙ ራሱም አእምሮ ያናውጣል።

አባባ የወሰዱት ሙሉ ማደንዘዣ እንኳ አልነበረም። ወገባቸው ላይ ተወግተው፣ ከባለሙያው ጋር እያወሩ ነው የተሠራላቸው። በማግስቱ ማታ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። «ከብቶቹ ማሳ ገብተዋል፣ ልቀቁኝ» እያሉ የግሉኮሱን መርፌ ነቀሉት። እኔን በሟች እህታቸው ስም ይጠሩኝ ነበር። አክስቴ ጸበል እንውሰዳቸው አለች። የሌሊቷ ነርስ ግን ሆዳቸውን ዳበስ ብታደርግ ፊኛቸው ተወጥሯል። ሽንቱ ሲወጣላቸው መንቀዥቀዡ በግማሽ በረደ። እስከዚያ ድረስ ማንም ይህን አልጠረጠረም ነበር ብለህ አስብ!

ይህን ሐኪሞች ዴሊሪየም ይሉታል። ድንገት የሚመጣ፣ ማታ ማታ የሚብስ መቃዠት ነው። ዝም ብሎ ፈዞ የሚተኛ በሽተኛም ሊኖረው ይችላል፤ «ደህና ተኝተዋል» ተብሎ የሚታለፈው እሱ ነው። በ2021 የወጣ የአሜሪካና የካናዳ ጥናት ዳሌያቸው የተሰበረ 1,600 ሰዎችን በወገብ መርፌና በሙሉ ማደንዘዣ ከፍሎ ሲያወዳድር፣ በሁለቱም በኩል ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ተቃዥቷል። ስለዚህ «በወገብ ካልሆነ አይሆንም» ብለህ ከባለሙያው ጋር አትጣላ። የእናትህን ልብና ሳንባ አይቶ እሱ ይምረጥ።

የማስታወስ ነገር ደግሞ ከዚህ ይለያል። በ1998 የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ከባድ ኦፕሬሽን የተደረገላቸውን 1,218 ሰዎች ተከታትሎ፣ ከሳምንት በኋላ ሩብ ያህሉ፣ ከሦስት ወር በኋላ ግን ከአሥር አንዱ ገደማ በፈተና ወደኋላ ቀርተው አገኘ። ብዙው ይመለሳል ማለት ነው፤ ሁሉም ግን አይደለም። አባባም ሰነባብተው የዕቁብ ሒሳባቸውን እንደ ድሮው ያዙ። በፊትም ይረሱ የነበሩ ሰዎች የበለጠ ስለሚጎዱ፣ እናትህ ሰሞኑን ነገር የሚደጋግሙ ወይም መንገድ የሚስቱ ከሆነ ሳታፍር ለሐኪሙ አስቀድመህ ንገር።

ካንተ የሚጠበቀው ብዙ ነው። መነጽራቸውን እንደነቁ አድርግላቸው፤ ሳያይ የተኛ ሰው በጥላ ይቃዣል። ማታ የሚያውቁት ሰው አጠገባቸው ይደር። ቀን መጋረጃ ይከፈት፣ እየተደገፉም ቢሆን ቶሎ ይነሱ። ሲቃዡ አትከራከር፤ ስምህን ነግረህ፣ ሆስፒታል መሆናቸውን በእርጋታ አስታውሳቸው። ጠያቂው ደግሞ በቡድን አይግባ (የእኛን ሰው ማን ይከለክለዋል እንጂ)።

ጾም ላይ ጠንካራ ከሆኑ የንስሐ አባታቸውን አናግር። አባባ «ረቡዕ ነው» ብለው ወተቱን ሲመልሱ ተርበውና ውኃ ጠምቷቸው ነበር፤ ቄሱ በስልክ ከፈቱላቸው በኋላ ነው የበሉት። አረቄ ወይም ጠላ በየቀኑ የሚቀምሱ ከሆነም አትደብቅ፤ ድንገት ሲቋረጥ እሱም ያቃዣል።

አፋቸው ከተጣመመ፣ አንድ ወገናቸው ከዛለ ወይም ንግግራቸው ከተሳሰረ ግን ዴሊሪየም ነው ብለህ አትጠብቅ፣ ወዲያው ሐኪም ጥራ።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ይዘህ ሂድ። በተለይ እንደ ዳያዜፓም ያለ የእንቅልፍ ኪኒን ወይም እንቅልፍ የሚያመጣ የአለርጂ መድኃኒት አለበት? ካለ ስሙን እዚሁ ጻፍልን፤ በቡድኑ ፋርማሲስቶች አሉ።