ሩጫውን አትተዪው፤ ቢሮ ስትገቢ ደግሞ መሪሽ አፉን ይዝጋ

ሰላም የዳንግላዋ እህቴ። ጥያቄሽን ስልኬ አነበበልኝ። ሯጭ ነሽ። ሐኪሙ ችግሩ ሬቲናሽ ላይ (ዓይን ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ) ነው፣ የሄደውን የሚመልስ መድኃኒት የለም ብሎሻል። ቤተሰብ ደግሞ «በቃሽ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» ይልሻል። ሞራሌን እንዴት ልጠብቅ፣ መሮጥስ እችላለሁ ወይ ነው ያልሽው።

ብዙ ሰው «አይዞሽ» ብሎሻል። አይዞሽ ደግ ቃል ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ግን ከአልጋ አያስነሳም። እኔ የሚያስነሳውን ልንገርሽ።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። የኔም የጀመረው እንዳንቺው ማታ ማታ ነበር። ጀንበር ስትጠልቅ የገዛ ደጃችን ይጠፋኛል። ሰፈሩ ሁሉ «ዳፍንት ነው፣ ጉበት አብሏት» አለ። የበላሁት ጉበት ተቆጥሮ አያልቅም! ጉበት የሚያድነው ዳፍንቱ ከቫይታሚን ኤ እጥረት ሲመጣ ነው። የኔ ግን ሬቲናይቲስ ፒግመንቶሳ የሚሉት፣ በዘር የሚመጣው ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ማታውን ይወስዳል፤ ከዚያ ዳር ዳሩን ይበላል። ከፊቴ የሚሮጠውን ሰው የማልያ ቁጥር ጥርት አድርጌ አነብ ነበር፤ እግሬ ሥር የተኛውን ውሻ ግን አላየውም። በኋላ መሐሉም ሄደ። አሁን ቀንና ሌሊቱን እለያለሁ፣ ሌላ የለም።

አንቺም ገና ዳር ዳሩ ላይ ያለሽ ይመስለኛል። ስለዚህ፦

1. ጭላንጭሉ እያለ ክር ያዢ፤ አጠገብሽ ሆኖ ከሚመራሽ ሯጭ ጋር በአጭር ክር ተያይዘሽ ሩጪ ማለቴ ነው። «ትንሽ እስካየሁ ድረስ ብቻዬን እሮጣለሁ» አትበይ። መሐሉ ጥርት ብሎ ስለሚታይሽ ሁሉንም የምታዪ ይመስልሻል። እኔን ያገኘኝ ኮብልስቶን ሊያነጥፉ ቆፍረው ጥለውት የሄዱት ቦይ ነው። ምልክት የለ፣ ድንጋይ የለ፣ ምንም የለ። እጄን ወጌሻ አሸልኝ፤ እስካሁን ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዘኛል። ቦዩን ማን ከፈተው ብዬ ጠይቄ ነበር። ማንም አልከፈተውም።

አሁኑኑ ሜዳ ላይ፣ ሰው አብሮሽ እያለ፣ ዓይንሽን በሻሽ አስረሽ መሮጥ ልመጂ። ጆሮ ሥራውን የሚለምደው ዓይን ሲያርፍ ነው። ደግሞም ልምምዱ ለውድድር ይጠቅምሻል። ቲ11 የሚባለው የሙሉ ዓይነ ስውራን ምድብ ውስጥ ሁሉም ዓይኑን ሸፍኖ በመሪ ነው የሚሮጠው። ትንሽ በሚያዩት ምድብ፣ ቲ12 ላይ፣ መሪ መያዝ ያንቺ ምርጫ ነው። ከነሱ የተሻለ በሚያዩት ቲ13 ላይ ደግሞ ብቻሽን ነሽ። የትኛው ውስጥ እንደምትገቢ የሚወስነው የዓይን ምርመራ ነው። አሰልጣኝሽ በግምት «አንቺማ ታያለሽ» ቢልሽ አትስሚው።

2. ክሩ። የስኒከር ማሰሪያ ይበቃል ይሉሻል። ናይለን ከሆነ ላብ ሲነካው የጣትሽን ሥጋ ይበላል። የኔን ራሴ ነኝ የፈተልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይኔ ሲሄድ የሰፈሩ ሴቶች ተሰብስበው ሥራ መረጡልኝ። «ፈትል ዓይን አይፈልግም፤ ተቀምጣ ትፍተል» ብለው። ጎጃም እኮ ነው! ዓይነ ስውር የኔታ ደቀ መዝሙር ሰብስበው ቅኔ ሲያስተምሩ እያየ የኖረ አገር ነው። ዓይነ ስውር ሊራቀቅ እንደሚችል ሁሉም ያምናል። ሊሮጥ እንደሚችል ግን የሚያምን የለም። ለሴትም ቅኔ ቤት አልታሰበላትም፣ እንዝርት እንጂ። እሺ ብዬ ፈተልኩ። ከዚያ ፈትሉን ደራርቤ አከረርኩትና ሁለቱም ጫፍ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀለበት ቋጠርኩበት። ጥጥ ላብ ሲጠጣ ይወፍራል እንጂ አይቆርጥም። በውድድር ደንብ በሁለታችሁ መካከል ያለው ክር ከ30 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። የሚለጠጥ ነገርም አይሆንም።

ክሩን ደግሞ እስከ መጨረሻው አትልቀቂው። ፓሪስ 2024 ፓራሊምፒክ (የአካል ጉዳተኞች ኦሎምፒክ) ላይ ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ማራቶኑን ሦስተኛ ሆና ልትጨርስ ጥቂት ሜትር ሲቀራት መሪዋ ተንገዳገደ። እንዳይወድቅ ልትይዘው ክሩን ለቀቀች። ከአራተኛዋ በደቂቃዎች ትቀድም ነበር። ነሐሱን ነጠቋት። እኔ ይሄን ስሰማ ሌሊቱን ሙሉ ተናድጄ አደርኩ። ደንብ ደንብ ነው አሉ። ይሁን።

3. መሪ። ሞራል ያልሽው ነገር ያለው እዚህ ነው። የጎረቤቴ ልጅ አብሬሽ ልሩጥ ትለኛለች ብለሻል። ጥሩ። ግን መሪ ካንቺ መፍጠን አለበት። አንቺ ትንፋሽሽን ስትቆጥቢ እሱ እያወራ ነው የሚሮጠው። «ግራ»፣ «ጉብታ»፣ «ባጃጅ»፣ «ጋሪ ቆሟል» ይላል። እሱ ካንቺ እኩል ከሆነ አፉ ይዘጋል፣ አፉ ከተዘጋ ደግሞ አለቀልሽ። እግራችሁም መግጠም አለበት። እሱ በግራሽ ከሆነ ያንቺ ግራ እጅና የሱ ቀኝ እጅ አብረው ይሄዳሉ። አንቺ ቀኝ እግርሽን ስታነሺ እሱ ግራውን ያነሳል። መቀናጆ በይው። አንዱ በሬ ከቸኮለ ትልሙ ይጣመማል።

የመጀመሪያ መሪዬ የአክስቴ ልጅ ነበር። ኳስ ተጫዋች ነው፣ ይጎትተኛል። መሪ መጎተት አይፈቀድለትም፤ የመጨረሻውን መስመርም ካንቺ ቀድሞ መርገጥ የለበትም። ይሄን ብነግረው «ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው የምሮጠው?» አለኝ። ተለያየን። (አሁንም ዘመዴ ነው፣ ፋሲካን አብረን ነው የምንውለው።) ቀጥሎ ያገኘሁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። እግሩ ልስልስ፣ አፉ ንቁ። ስንላመድ ተመረቀና ወደ አገሩ ሄደ። ለዚህ ነው ሁለት መሪ ያዢ የምልሽ። በረጅሙ ውድድር፣ ከ5000 ሜትር ጀምሮ፣ ሁለት መሪ መቀያየርም ይፈቀዳል።

ወሬውንም ተዘጋጂለት። ሴት ልጅ ጎህ ሳይቀድ ከጎረምሳ ጋር በክር ተሳስራ ስትሮጥ ማርቆስ ምን እንደሚል አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ዳንግላም ከዚህ የተለየ አይመስለኝም። የንስሐ አባታችን ድረስ ደረሰ። እናቴ አልተከራከረችም። ጋቢዋን ደርባ ሜዳው ዳር እየመጣች መቀመጥ ጀመረች። መጀመሪያ ለጥበቃ ነበር። ከሰነበተች በኋላ «ምነው ዛሬ ተጎተትሽ?» ማለት ጀመረች። ከዚያ ያየሽ ጌቴ መጣችልኝ። ፓሪስ ላይ በቲ11 1500 ሜትር ከወንድ መሪ ጋር በክር ታስራ ወርቅ ወሰደች። 4 ደቂቃ ከ27 ሰከንድ፣ የዓለም ክብረ ወሰን። ወሬው ያን ሰሞን ወደ ምርቃት ተለወጠ። ያው አፎች ናቸው እኮ!

4. ቢሮ። እዚህ ላይ ልቆይ ነው፣ ታገሺኝ።

ከተማችን ውስጥ የጎዳና ሩጫ ተዘጋጀ። ልመዘገብ ከመሪዬ ጋር አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሰውየው ቀና ብሎ መሪዬን «ምን ፈልጋ ነው?» አለው። መሪዬ ጨዋ ልጅ ነው፣ «መሮጥ ፈልጋ ነው» አለ። «ስሟ ማነው?» ነገረው። «ቤተሰብ ያውቃል?» ያውቃል አለ። እኔ እዚያው ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ቆሜያለሁ። የሰውየው ሻይ እንፋሎት ፊቴ ላይ ይመጣል። እንደ ጆንያ ስለኔ ይነጋገራሉ።

ከዚያ የሐኪም ቦርድ ማስረጃ ይምጣ ተባለ። ይዤ ተመለስኩ። ማየት እንደማልችል የሚገልጽ ወረቀት መሆኑን ልብ በይ። አነበበና «ይሄማ አታይም ነው የሚለው» አለ። አዎ፣ እሱን ነው ያመጣሁት! ቀጠለና ለመሪ የደረት ቁጥር አይሰጥም አለ። ቁጥር የሌለው ሰው ደግሞ መንገዱ ውስጥ አይገባም። ታዲያ በምን ልሩጥ? «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» ስንወጣ ምን አለ መሰለሽ? «ይሄ የእውነት ሩጫ ነው፤ መጥታ ብታጨበጭብ ይሻላል።»

ደም ሥሬ ተገተረ። ዞሬ ሪዮ 2016ን ነገርኩት። የፓራሊምፒክ 1500 ሜትር ቲ13 ፍጻሜ ላይ አልጄሪያዊው ባካ አንደኛ፣ የኛው ታምሩ ደምሴ በ3 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ሁለተኛ ወጡ። ከአንደኛ እስከ አራተኛ የገቡት በሙሉ በዚያው ዓመት እዚያው ሪዮ ላይ የኦሎምፒኩን 1500 ሜትር ወርቅ ካስገኘው ሰዓት ፈጠኑ። የኦሎምፒኩ ፍጻሜ ተጠባብቀው ቀስ ብለው የሮጡት ነበር እርግጥ። ያንን ለሰውየው አልነገርኩትም። ትዕግስት ገዛኸኝንም ጨመርኩለት፤ በ2021 ቶኪዮ ላይ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የፓራሊምፒክ ወርቅ ያመጣችውን። «እሺ፣ ነገ ተመለሱ» አለ። ለማን? ለመሪዬ።

ደጅ ወጥተን ከመሪዬ ጋር ተማከርን። ነገ ምንም ቢጠይቅህ አትመልስ፣ ጣራ ጣራውን እይ አልኩት። በማግስቱ ገባን። «እህ፣ መጣችሁ? ወረቀቷስ?» ጸጥ። «አንተን እኮ ነው!» ጸጥ። እኔ ቀስ ብዬ «ወረቀቱ እኔ ጋ ነው፣ የሚጠይቁትን እኔን ይጠይቁኝ» አልኩ። ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። ወንበሩን ወደኔ ሲያዞረው ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። «እርስዎ… ስምዎን ማን ልበል?» አለኝ። በአንድ ሌሊት ከ«እሷ» ወደ «እርስዎ» አደግኩ! ሁለት የደረት ቁጥር ይዤ ወጣሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ እንዳሉ ናቸው።

ስለዚህ ቢሮ ስትገቢ መሪሽ አፉን ይዝጋ። ወረቀቱን አንቺ ያዢው። ማኅተም ያለበት ኮፒ በርከት አድርጊ። ደብዳቤ ስታስገቢ ገቢ የሆነበትን ቁጥር ጠይቂና እዚያው ስልክሽ ላይ በድምፅ ቅጂው።

ሩጫው እንዴት ነበር? ዓይናሞቹ ሲጀመር ፈረጠጡ። ዳገቱ ላይ መሪዬ «ከፊት አንድ ቀይ ማልያ አለ፣ ትንፋሹ አልቋል» ይለኛል፣ እናልፈዋለን። «ሁለት ልጆች ቆመዋል»፣ እናልፋለን። አንዱ ሲያየን «ኧረ በማርያም!» አለ። እስካሁን ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል።

5 ላይ ስለ ሞራል ልጽፍ ነበር። ሁልጊዜ ደስተኛ ነኝ ብልሽ ውሸት ነው። ክረምት ይከብደኛል። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ ጆሮዬ ይሞላል። ደጅ ብወጣም የመሪዬ ድምፅና የባጃጁ ድምፅ ይቀላቀልብኛል። ከጮቄ የሚወርደው ንፋስም እንደዚያው ነው። መንገድ የሚዘጋበትም ሰሞን አለ። ያኔ በረንዳ ላይ ገመድ እዘላለሁ። በሶዬን እጠጣለሁ። አለቅሳለሁም። የሚያስነሳኝ ጥንካሬዬ አይደለም። ሰው ጎህ ሳይቀድ ደጄ ላይ ቆሞ በብርድ እጁን እያሻሸ ሲጠብቀኝ ተኝቼ መቅረት ያሳፍረኛል። በዚያ ነው የምነሳው። ብቻሽን ከሆንሽ ብርድ ልብሱ ያሸንፍሻል።

ፀበሉንም ተጠመቂ፣ እኔም እሄዳለሁ። የሐኪም ክትትልሽን ግን አታቋርጪ። ከዚህ በሽታ ጋር ሞራ አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ ሞራውን ደግሞ በቀዶ ሕክምና ያነሱታል። «ያው አንዴ ጠፍቷል» ብለሽ ከተቀመጥሽ የሚተርፈውንም ታጪዋለሽ። ጥላ ያለው ኮፍያ አድርጊ፤ ብርሃኑ እንዳይወጋሽም፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ፊትሽን እንዳያገኘውም።

አሁን አንቺ መልሺልኝ። የጎረቤትሽ ልጅ ካንቺ ትፈጥናለች? የምትፈጥን ከሆነ ነገውኑ ጀምሩ፣ ክሩን በሰው እልክልሻለሁ። የማትፈጥን ከሆነ ለአጭር ዙር ትሁንሽና ከትምህርት ቤት ሯጮች ሌላ ፈልጊ። የመሪሽን የበሶና የጫማ ወጪ አብረሽ አስቢለት፤ ለባዶ እጅ ጎህ ሳይቀድ የሚነሳ ብዙ የለም።