ስለ ፓተንት ጠይቁኝ፦ ከአልሙኒየም እስከ መኪና ባትሪ

ኬሚካል ኢንጂነር ነኝ። የሥራዬ ትልቁ ክፍል የሌሎችን ፓተንት ማንበብ ነው። ፋብሪካ አዲስ ነገር ከመጀመሩ በፊት «ይሄን ሌላ ሰው ይዞታል ወይ?» ብሎ የሚጠይቀው እንደኔ ያለውን ሰው ነው። ሰሞኑን ብዙ ጥያቄ ስለደረሰኝ እዚህ አንድ ላይ እመልሳለሁ። ጠበቃ ግን አይደለሁም፤ ክስ ላይ ያላችሁ ጠበቃ ያዙ። ዓመቶቹ፣ ከአዋጁ ቁጥር በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፓተንት ማለት «አትንኩ» ማለት አይደለም እንዴ? የተከለከለ ነገር ማንበብ ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ ክልከላው ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ግዴታ ነው። ፈጣሪው ለተወሰነ ዓመት ሌላው እንዳይነካበት ሲደረግ፣ በምላሹ አሠራሩን ሙያው ያለው ሰው ሊደግመው በሚችል መልኩ ጽፎ ለሕዝብ ይፋ ያደርጋል። ዓመቱ ሲያልቅ ማንም ያለ ክፍያ ይሠራበታል። ባያልቅም ፓተንት የሚይዘው በተመዘገበበት አገር ውስጥ ብቻ ነው። ጃፓንና አሜሪካ ተመዝግቦ ኢትዮጵያ ያልተመዘገበን ነገር እዚሁ ሠርተህ እዚሁ ብትሸጥ ባለፓተንቱ የሚከስህ ነገር የለም። ወደ ተመዘገበበት አገር ልላክ ካልክ ግን እዚያ ይይዝሃል። እኛ አገር የሚመዘገበው ከዓለሙ ጋር ሲተያይ በጣም ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አብዛኛው የዓለም ፓተንት ለኢትዮጵያዊ አምራች ክፍት መጽሐፍ ነው። ወጣቶቻችን ይሄን አውቀው ቢጠቀሙበት ብዬ ሁሌ እመኛለሁ።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በእኛ አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ውጭ የተመዘገበና ዘመኑ ያላለፈ ፈጠራን አገር ውስጥ አስገብቶ ለሚሠራበት ሰው የሚሰጥ ፓተንትም አለ። ስለዚህ ገንዘብ ከማፍሰሳችሁ በፊት አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ሄዳችሁ አጣሩ።

ጥያቄ፦ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ነገር እኩል ቢፈጥሩ ማን ይወስደዋል?

መልስ፦ አልሙኒየም ላይ የሆነው ይሄው ነው። አልሙኒየም የሚወጣበት አልሙና የሚባል ነጭ ዱቄት ለመቅለጥ ከ2,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይፈልጋል። ክራዮላይት የሚባል ማዕድን አቅልጠው እዚያ ውስጥ ከጨመሩት ግን 960 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይሟሟል፤ ከዚያ ብረቱን በኤሌክትሪክ መለየት ይቻላል። በ1886 እዚህ ላይ ሁለት ሰዎች ለየብቻ ደረሱ፤ አንዱ አሜሪካዊው ቻርልስ ማርቲን ሆል፣ ሌላው ፈረንሳዊው ፖል ኤሩ። ሁለቱም በ1863 ተወልደው በ1914 የሞቱ እኩያሞች ናቸው።

ኤሩ የፈረንሳይ ማመልከቻውን ያስገባው ኤፕሪል ላይ ነው፣ ሆል አሜሪካ ያስገባው ጁላይ ላይ። በማመልከቻ ቀን ቢሆን ኤሩ ይቀድም ነበር። ያኔ የአሜሪካ ሕግ ግን የሚያየው ማን ቀድሞ ፈጠረ የሚለውን ነው። ሆል ፌብሩዋሪ 23 ላይ ትናንሽ የአልሙኒየም እንክብሎች እጁ ገብተው እንደነበር በደብዳቤና በምስክር አስረዳ፤ ኬሚስትሪ የተማረችው እህቱ ጁሊያም መስክራለታለች። ፓተንቱ በ1889 ወጣለት። ዛሬ ቢሆን ይሄ ክርክር አይነሳም፤ አሜሪካም ከማርች 2013 ጀምሮ ቀድሞ ላስገባ ነው የምትሰጠው። ስለዚህ ማስታወሻ ደብተራችሁ ላይ ቀን መጻፉ ጥሩ ነው፣ ግን አያድናችሁም። ቶሎ አስገቡ።

ጥያቄ፦ ፓተንቱ ከወጣልኝ በቃ ማምረት እችላለሁ አይደል?

መልስ፦ አይደለም፤ ይሄን ስንቱ ይሳሳተዋል። ፓተንት ሌላውን የመከልከል መብት ነው እንጂ ለአንተ የማምረት ፈቃድ አይደለም። ሆልንም ያጋጠመው ይሄው ነው። ፓተንት እጁ እያለ፣ ቻርልስ ብራድሌይ የሚባል ሌላ ሰው የቀለጠውን ነገር በራሱ በኤሌክትሪኩ ሙቀት ቀልጦ እንዲቆይ ለማድረግ ቀድሞ ፓተንት አመልክቶ ነበር። የብራድሌይን መብት የያዙት ሰዎች ከሰሱ፣ በ1903 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፣ የሆል ኩባንያም ከፍሎ ታረቀ። ያ ኩባንያ በኋላ አልኮዋ የተባለው የአሜሪካ አልሙኒየም አምራች ነው። ትልቅ ነገር አንድ ፓተንት ብቻ ኖሮት አያውቅም፤ ከሥሩ የሌላ ሰው ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ ሁሉም ነገር ፓተንቱ ላይ ከተጻፈ ታዲያ ለምን ማዳበሪያ እናስገባለን? አንብበን ለምን አንሠራም?

መልስ፦ እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ምክንያቱም ከሁሉም የምወደው ጥያቄ ይሄ ነው።

ፍሪትዝ ሃበር ከአየር ናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን የማዳበሪያ መነሻ የሆነውን አሞኒያ የመሥራቱን ፓተንት በ1908 አስገባ። ባስፍ የሚባለው የጀርመን ኬሚካል ኩባንያ ገዛው፣ የኩባንያው ኢንጂነር ካርል ቦሽ ደግሞ ወደ ፋብሪካ ቀየረው። ከሙከራ ጠረጴዛ እስከ ፋብሪካ ያለውን መንገድ ተመልከቱ። ሃበር ጋዞቹ ቶሎ እንዲዋሃዱ ማፍጠኛ አድርጎ የተጠቀመበት ኦስሚየም የሚባል ብረት ዓለም ላይ በጣም ጥቂት ነው፤ የባስፍ ኬሚስት አልዊን ሚታሽ በሺዎች የሚቆጠሩ ውህዶችን ሞክሮ አልሙናና ፖታሲየም የተጨመረበት ብረት ላይ ደረሰ። ግፊቱ 200 አትሞስፌር፣ ሙቀቱ 500 ዲግሪ አካባቢ ነው። በዚህ ላይ ጋዞቹ የሚዋሃዱበት ጋን ራሱ እየተሰነጠቀ ይፈነዳ ጀመር። ሃይድሮጅኑ ብረቱ ውስጥ ዘልቆ ካርቦኑን እየበላ ነው። ቦሽ ውስጡን ካርቦን በሌለው ለስላሳ ብረት ለበጠው፣ የውጪውን ጠንካራ ብረት ደግሞ ሾልኮ የመጣው ሃይድሮጅን እንዲወጣ በትናንሽ ቀዳዳዎች በሳው። ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ፋብሪካውን ያዳነው ግን ያ ነው። በ1913 ጀርመን ውስጥ ኦፓው ላይ ማምረት ተጀመረ።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አሜሪካ የጀርመኖችን ፓተንት ወረሰች፤ በኬሚስትሪው ብቻ ከ4,000 በላይ። ወረቀቱ እጃቸው ላይ ነው፣ ገንዘብ አላቸው፣ ኢንጂነር አላቸው። አላባማ ውስጥ ሼፊልድ ላይ በዚሁ ዘዴ የሠሩት ፋብሪካ ግን በቅጡ ሳይሠራ ቀረ። ፓተንቱ ላይ ያልሰፈረ፣ ሠራተኛው እጅና ጭንቅላት ውስጥ ያለ ዕውቀት አለ። ፓተንት ማንበብ ከባዶ አያስጀምርህም፤ ያልተጻፈውን ግን በሥራ ነው የምታገኘው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እኛን የያዘን ፓተንት አይደለም። የሃበር መብት ካለቀ ዘመናት አልፈዋል። የሚፈለገው ጋዝ፣ ካፒታልና ፋብሪካ ማንቀሳቀስ የለመደ ሰው ነው። ጎዴ ላይ የታሰበው የዩሪያ ፋብሪካ ሲሠራ፣ ከዩሪያው እኩል ልጆቻችን እዚያ ውስጥ የሚለምዱት ሙያ ያጓጓኛል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ዲግሪ የለኝም። ያለ ዲግሪ ፓተንት ይሰጣል?

መልስ፦ ይሰጣል። ማመልከቻው ላይ የትምህርት ማስረጃ አይጠየቅም። ሲድኒ ጊልክሪስት ቶማስ ለንደን ውስጥ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ ኬሚስትሪ የተማረው ማታ ማታ ነው። ቤሰመር የፈጠረው፣ የቀለጠ ብረት ውስጥ አየር እየነፉ የማጥራት አሠራር ፎስፈረስ ያለበትን ማዕድን አልችል ብሎ የአውሮፓ ብረት ሰሪ ሁሉ ተቸግሮ ሳለ፣ ቶማስ የምድጃውን ግድግዳ ዶሎማይት ቢለብጡት ፎስፈረሱ ወደ ዝቃጩ እንደሚሄድ አሰበ። ዌልስ ውስጥ ብረት ፋብሪካ የሚሠራ የአጎት ልጅ ነበረው፤ አብረው ሞከሩት፣ ሠራ። ዝቃጩ ራሱ ማዳበሪያ ሆኖ ተሸጠ። ቶማስ በ34 ዓመቱ ሞተ፤ ዘዴው ግን የሎሬንና የጀርመንን ብረት ሥራ አስነሳ።

ጥያቄ፦ ዓመታዊ ክፍያ ብረሳ ምን ይመጣል?

መልስ፦ መብቱ ይሞታል። ሮበርት ሙሼት ማንጋኒዝ ያለበት ብረት ጨምሮ የቤሰመርን አሠራር ከውድቀት ያዳነ ሰው ነው። በ1859 የ50 ፓውንድ ክፍያ ሳይከፈልለት ቀርቶ ፓተንቱ ወደቀ። ቤሰመር በነጻ ተጠቀመበት፤ ከዓመታት በኋላ በዓመት 300 ፓውንድ ይሰጠው ጀመር እንጂ የሕግ ግዴታ አልነበረበትም። የክፍያውን ቀን ስልክህ ላይ ጻፈው።

ጥያቄ፦ ከጀርመን ነው የምጽፈው፣ ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። የፈጠርኩት ነገር የኔ ነው የመሥሪያ ቤቱ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥሩ አገር ነው ያለሽው። ጀርመን ከ1957 ጀምሮ ለተቀጣሪ ፈጣሪዎች የተለየ ሕግ አላት፤ ቀጣሪሽ ፈጠራውን ሊወስደው ይችላል፣ ግን ተመጣጣኝ ክፍያ የማግኘት መብት አለሽ። ፈጠራውን በጽሑፍ አሳውቂያቸው፣ ቅጂውን አስቀሪ። እኛ አገር ውል ካልቀየረው በቀር በቅጥር ሥራ ላይ የተፈጠረ የቀጣሪው ነው፤ ስለዚህ የቅጥር ውላችሁን ሳታነቡ አትፈርሙ።

ጃፓን ውስጥ የሆነውን ሁሉም ተቀጣሪ ቢያውቀው እወዳለሁ። ሹጂ ናካሙራ ኒቺያ በሚባል የቶኩሺማ ኩባንያ ተቀጥሮ ሳለ፣ ትልልቆቹ ያልቻሉትን ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ በ1993 አወጣ። ቤታችሁ ያለው ነጭ አምፖል ከዚያ የመጣ ነው። ለዋናው ፓተንት የተሰጠው ጉርሻ 20,000 የን ነበር፤ ጥቂት መቶ ዶላር እንኳ የማይሞላ። ከሰሰ። በ2004 የቶኪዮ ፍርድ ቤት 20 ቢሊዮን የን ፈረደለት፤ በይግባኙ ግን በ2005 በ840 ሚሊዮን የን አካባቢ ተስማሙ። በ2014 ከአካሳኪና ከአማኖ ጋር ኖቤል ተሸለመ። እኔ እስከ ዛሬ የመጀመሪያው ጉርሻ ያናድደኛል።

ጥያቄ፦ ከባዶ ተነስቶ በሰው ፓተንት ያደገ ኩባንያ አለ?

መልስ፦ ሶኒ። ቤል ላብራቶሪ የትራንዚስተርን ፈቃድ በ1952 በ25,000 ዶላር ቅድሚያ ክፍያ ለሚፈልግ ሁሉ ከፈተ። የኋላው ሶኒ ያኔ ትንሽ የቶኪዮ ኩባንያ ነበር፤ ፈቃዱን ገዛ፣ የአገሩ መንግሥት ግን የውጭ ምንዛሪ እስኪፈቅድለት ድረስ አስጠበቀው። (ይሄ ለእኛ አስመጪዎች እንግዳ አይደለም።) አሜሪካኖቹ ጆሮው ለከበደ ሰው መስሚያ መሣሪያ ይሆናችኋል አሏቸው፤ እነሱ ግን ሬዲዮ እንሠራለን አሉ። ካዙኦ ኢዋማ የሚባል ኢንጂነራቸው የአሜሪካኖቹን ፋብሪካ እየጎበኘ፣ ያየውን በቃሉ ይዞ ማታ ሆቴሉ ውስጥ ጽፎ ወደ ቶኪዮ ይልክ ነበር። በ1955 ሬዲዮው ወጣ። ፈቃዱን ገንዘብ ገዛው፣ ያልተጻፈውን ደግሞ የኢዋማ ዓይን ሰበሰበው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባን የሞሉት የቻይና ኤሌክትሪክ መኪኖች ባትሪ የማን ፈጠራ ነው?

መልስ፦ ብዙዎቹ የሊቲየም፣ የብረትና የፎስፌት ባትሪ ነው ያላቸው። የመነጨው በ1990ዎቹ ከጆን ጉድኢናፍ ላብራቶሪ፣ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቻይና ውስጥ ለአገራቸው ገበያ የሚያመርቱት የፓተንቱ ክፍያ ስላልከበዳቸው በርካሽ እያመረቱ እጃቸውን አፍታቱ። ዋናዎቹ ፓተንቶች በ2022 አካባቢ ሲያበቁ ዓለም ላይ የቀደማቸው አልነበረም።

ጥያቄ፦ ጤፋችንንስ እንዴት ፓተንት ሰጡባት?

መልስ፦ ዘሩን ሳይሆን ዱቄቱንና አሠራሩን ነው ያስመዘገቡት፤ በ2007 ለአንድ የሆላንድ ኩባንያ ነው የተሰጠው። ጤፉ ከታጨደ በኋላ ከርሞ ቢፈጭ ይሻላል የሚለው ነገር እንደ ፈጠራ ተቆጠረ። እናቶቻችን የሚያውቁትን! በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ እርምጃ የለውም ብሎ ለሆላንድ ሻረው። ከዚህ የምወስደው፣ እውቀታችንን በቀንና በልኬት ጽፈን ይፋ ካደረግነው ማንም «አዲስ ነው» ሊልበት አይችልም።

ጥያቄ፦ ከውዳቂ አልሙኒየም ድስት የምሠራ ሰው ነኝ። ከሰል በጣም የሚቆጥብ ምድጃ ሠራሁ፣ ቲክቶክ ላይ ልለቀው ነው። ልክ ነው?

መልስ፦ ቆይ! አትልቀቀው። አውሮፓ ውስጥ ቀድሞ ለሕዝብ የታየ ነገር አዲስነቱ አለቀ ማለት ነው። ጓደኛ ሳይቀር አሠራሩን አታሳይ። መጀመሪያ ለካ፤ በአሮጌው ምድጃ አንድ ኪሎ ለማቅለጥ ስንት ከሰል፣ በአዲሱ ስንት። ከዚያ ልዩነቱ በትክክል የቱ ጋ እንደሆነ ጻፍ፤ አየሩ የሚገባበት ነው? ግድግዳው? ክዳኑ? ሙሉ ፓተንት ከከበደህ ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት አለ፤ 5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ይታደሳል። ሙሉ ፓተንት 15 ዓመት ነው፤ አገር ውስጥ እየሠራህበት መሆኑን ካሳየህ 5 ይጨመራል። ደግሞ አደራ፣ ባትሪ የነካ ወይም ቀለም የተቀባ ውዳቂ ለድስት አታቅልጥ፣ እርሳስ ምግብ ውስጥ ይገባል።

ጥያቄ፦ የት ላንብብ? ቋንቋው ደግሞ ይከብደኛል።

መልስ፦ ጉግል ፓተንትስና የአውሮፓው ኢስፓስኔት በነጻ ናቸው። ከመጀመሪያ ገጽ አትጀምር፤ መጀመሪያ ሥዕሎቹን እይ፣ ቀጥለህ መጨረሻ ያለውን የይገባኛል ዝርዝር፣ በተለይ ቁጥር 1ን። መብቱ የሚያዘው እዚያ በተጻፈው ልክ ነው። ከዚያ ምሳሌዎቹን አንብብ፤ ሙቀቱ፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ እዚያ ነው ያለው። የሆልን ፓተንት በቁጥር ፈልገው፣ የአሜሪካ 400,664 ነው። አጭር ነው፣ ሁለቴ ብታነበው ይገባሃል። ያልገባህን ቦታ ቀድተህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።