የማይኮራይዛ ዱቄት በቲማቲምና በጥቅል ጎመን ላይ ለምን አልሠራም?

ሐዋሳ ባለው ግሪንሃውስዎ ዱቄቱን በመደቡ ላይ በትነው ለውጥ ያላዩት፣ ማይኮራይዛ፣ ማለትም ከተክል ሥር ጋር ተጣምሮ ፎስፈረስን የመሰለ ምግብ የሚያቀብለው ፈንገስ፣ ሕያው ሥር ካላገኘ ስለማያድግ ነው። ቲማቲሙን ሲያዛውሩ በመትከያው ጉድጓድ ውስጥ፣ ሥሩ በቀጥታ በሚያርፍበት ቦታ ይጨምሩት፤ ከተቻለ ግን ገና ዘሩን በችግኝ ማፍያው ሲዘሩ ከአፈሩ ጋር መቀላቀሉ ይሻላል፤ ውጤቱንም በቀናት ሳይሆን በሳምንታት ይጠብቁ። ጥቅል ጎመን እንደ ሰናፍጭና እንደ ሌሎች ዘመዶቹ ከማይኮራይዛ ጋር ስለማይጣመር ዱቄቱን አያባክኑበት።

ከደረሰብኝ በመነሣት አንድ ነገር ላስጠንቅቅዎ፦ በመጀመሪያው ዓመት ዱቄቱን በጥንቃቄ ካኖርኩ በኋላ፣ እንደ ልማዴ በየጉድጓዱ ዳፕ (ፎስፈረስ የበዛበት ማዳበሪያ) በእፍኝ ስለጨመርኩ ያ መደብ ዱቄት ካልነካው ጎረቤቱ ምንም አልተለየም። ፎስፈረስ የጠገበ ተክል ፈንገሱን ብዙም አያስጠጋምና፣ ዳፑን ከመጨመርዎ በፊት አፈሩን ያስመርምሩ።