እግዚአብሔር ይጸጸታልን?

ጥያቄ፦ ኦሪት ዘፍጥረት 6፥6 እግዚአብሔር ሰውን በመፍጠሩ እንደ ተጸጸተ ይናገራል። የማይለወጥ አምላክ እንዴት ይጸጸታል? (ከቢቸና፣ ጎጃም)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 15ን ልብ ብለው ያንብቡ። ቁጥር 11 እግዚአብሔር ሳኦልን በማንገሡ እንደ ተጸጸተ ሲናገር፣ ቁጥር 29 ደግሞ እንደ ሰው እንደማይጸጸት ይመሰክራል፤ ሁለቱ በአንድ ምዕራፍ መገኘታቸው በስሕተት አይመስለኝም። የእኛ ጸጸት ካለማወቅ ይመጣል፤ ዝናቡ ይቀጥላል ብሎ ጤፉን የዘራ የአገራችሁ ገበሬ፣ ክረምቱ ቀድሞ ሲወጣበት የሚጸጸተው ነገን ስላላወቀ ነው። እግዚአብሔር ግን ፍጻሜውን አስቀድሞ ያውቃልና፣ ጸጸት የተባለው በሰው ክፋት ማዘኑ ነው። ሐዘኑም ለይስሙላ የተነገረ አይደለም (እዚህ ላይ ብዙዎች ይቸኩላሉ)፤ ጌታችን አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ፣ የአልዓዛር እኅት ማርያምና አብረዋት የመጡት ሲያለቅሱ ባየ ጊዜ እርሱም እንባውን አፍስሷል።