መልስ፦ ያለ ክፍያ የሚሠራ የቴአትር ቤት ልምምድ ለመድረክ ንድፍ ሙያ ይጠቅማል?

በቴአትር ቤት ለሦስት ወር ያለ ክፍያ መለማመድ ለመድረክ ንድፍ ሙያ ይበጅ እንደሆነ ጠይቀዋል። በእኔ እምነት በእጅጉ ይበጃል፤ የሚበጀው ግን ከቢሮው ወጥተው ከአናጺዎቹና ከቀለም ቀቢዎቹ ጋር ከዋሉ ነው።

በትምህርት ቤት ንድፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበቃው በ1፡25 ልኬት በተሠራ የካርቶን ሞዴል ላይ ነው። በሞዴሉ ላይ 12 ሳንቲ ሜትር የነበረው ግድግዳ መድረክ ላይ ሲወጣ 3 ሜትር ይሆናል፤ ያንን ግድግዳ ሁለት ሰዎች መብራት በጠፋባት አጭር ጊዜ፣ ተዋንያኑን ሳይነኩና ሳያንኳኩ ማንሣት መቻላቸውን የሚያውቁት አብረው ሲሸከሙት ብቻ ነው። ተጠንቅቀው የመረጡት ሰማያዊ ቀለምም ብርቱካናማ መብራት ሲያርፍበት ወደ ግራጫ ይለወጣል።

በአዲስ አበባ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ምክንያት አለ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተውን ሀገር ፍቅርንና በ1948 ዓ.ም. የተመረቀውን ብሔራዊ ቴአትርን በመሳሰሉ ቤቶች፣ በአንዱ መድረክ ላይ በሳምንቱ የተለያዩ ቀናት የተለያዩ ተውኔቶች ስለሚታዩ፣ ዲኮሩ ተፈታትቶ የሚቀመጥና ተመልሶ በፍጥነት የሚገጣጠም መሆን አለበት። ይህን ያወቀ ልጅ በቀጣዩ ዝግጅት ረዳት ሲፈለግ መጀመሪያ ይጠራል፤ ሥራው በአብዛኛው የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው።

ቢያንስ የትራንስፖርት ወጪዎን እንዲሸፍኑልዎ ግን ሳያፍሩ ይጠይቁ። የሠሩትንም ሁሉ ከወለል ፕላኑ ጀምሮ መብራት እስከበራበት መድረክ ድረስ በፎቶግራፍ ያስቀሩ።