የሠራተኞችዎን ሥልጠና ከወረቀቱ መሳቢያ ይጀምሩ

እህቴ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ስምንት አልጋ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ ሊከፍቱ መሆኑን ገልጸው፣ ሠራተኞችዎ ነዋሪዎችን በመጨረሻ ቀናቸው በወጉ እንዲንከባከቡ የትኛውን ሥልጠና ቢገዙ እንደሚሻል ጠይቀዋል። እኔም በዚሁ ግዛት እንዲህ ያለ ቤት ለዘጠኝ ዓመታት አስተዳድሬያለሁና፣ የደረሰብኝ በእርስዎ ላይ እንዳይደርስ በዝርዝር ልመልስልዎ።

1. ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሞልስት ቅጽ፣ ማለትም ነዋሪው ልቡ ቢቆም ወይም ቢታመም ምን ዓይነት ሕክምና እንደሚደረግለትና እንደማይደረግለት የሚያዝዘው የሕክምና ወረቀት፣ የት እንደሚቀመጥ ይወስኑ። ነዋሪው ሲገባ ቅጹ መሞላት ወይም መታየት እንዳለበት ያውቃሉ፤ ሌሊት እጅ የማይደርስበት ቅጽ ግን ካልተሞላ አይለይም። እኔ ለአንድ አሠልጣኝ ድርጅት 1,800 ዶላር ከፍዬ፣ የሁሉም ሠራተኞች የምስክር ወረቀት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሌሊት፣ በሆስፒስ (በሕይወት መጨረሻ ላይ ያሉ ሕሙማንን ሥቃይ በሚያስታግስ አገልግሎት) ክትትል ሥር የነበሩ የ91 ዓመት እናት ትንፋሻቸው ይቆራረጥ ጀመር። ልባቸው ቢቆም ማንም ሊመልሰው እንዳይሞክር ከሐኪማቸው ጋር ተነጋግረው የወሰኑት ራሳቸው ነበሩ። የሌሊት ተረኛዋ ግን ደንግጣ 911 ደወለች። የአምቡላንስ ሠራተኞች ቅጹን ሲጠይቋት ቢሮ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉም ከእኔ ዘንድ ነው ከማለት በቀር የምታሳየው አልነበራትም፤ ቅጹን ካላዩ ደግሞ ሲፒአር፣ ማለትም ደረትን እየተጫኑ ልብን ለመመለስ መሞከር፣ ይጀምራሉ። እኔ ስደርስ የጎድን አጥንታቸው ተሰብሮ፣ ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ ገብቶ፣ በቃሬዛ እየወጡ ነበር። በማግስቱ ሆስፒታል ውስጥ አረፉ። ልጃቸው «እናቴ የፈራችው ይህንኑ ነበር» አለችኝ እንጂ ሌላ ቃል አልተናገረችም።

ሰኞ ወደ አሠልጣኙ ድርጅት ደውዬ፣ ሌሊት ማን ዘንድ እንደሚደወል ለምን እንዳላስተማሩ ብጠይቅ፣ ስልኩን ያነሳችው ሴት ሰርተፍኬቱ ለኢንስፔክሽን በቂ መሆኑን፣ የቀረው የእኔ ጉዳይ መሆኑን ነግራኝ ዘጋችው። ሠራተኛዋን ግን አላሰናበትኋትም፤ ጥፋቱ የቁልፉ እንጂ የእርሷ አልነበረም። አሁን ቅጹ ከመድኃኒት መዝገቡ ጋር ተረኛዋ በምትደርስበት ቦታ አለ፤ የሆስፒሱ የ24 ሰዓት ስልክ ቁጥርም በትልቁ ተጽፎ በየስልኩ አጠገብ ተለጥፏል።

2. ሞርፊን የተባለውን ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የሚፈራው ነዋሪው ሳይሆን ሠራተኛው ነው። «የመጨረሻውን ጠብታ ሰጥቼ ብትሞት ገዳይዋ እኔ ነኝ» ብላ ያለቀሰች ሜድቴክ (መድኃኒት የምትሰጥ ሠራተኛ) ነበረችኝ። የሆስፒሱ ነርስ መጥታ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ካለው ፈሳሽ 5 ሚሊ ግራም ማለት ሩብ ሚሊ ሊትር ብቻ መሆኑን፣ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ቀለም የተቀላቀለበት ውኃ እየቀዳች አሳየቻቸው። እያንዳንዳቸው ሦስት ጊዜ ቀድተው ዴሌጌቲንግ ነርሳችን፣ ማለትም መድኃኒት የመስጠቱን ሥራ ለሠራተኞቹ በውክልና የምትሰጠውና የምትቆጣጠረው ነርስ፣ ተመለከተቻቸው። ከ1,800 ዶላሩ ይልቅ ያለ ክፍያ የተሰጠን ያ አንድ ከሰዓት ይበልጥብኛል።

3. ስለ ምግብ ሳይናገሩ አይለፉ፤ በተለይ ሠራተኞችዎ እንደ እኔዎቹ አበሾች ከሆኑ። እኛ «በሞቴ» ብሎ ማጉረስ ፍቅር ነው ብለን ነው ያደግነው፤ መዋጥ ላቃተው ሰው ግን ጉርሻው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ሰውነት ሊያርፍ ሲል ምግብ አለመፈለጉ በረሃብ መሰቃየት እንዳልሆነ ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። ባዶ እጃቸውን መቀመጥ ስለሚከብዳቸው፣ በማጉረስ ፈንታ አፍን በእርጥብ ስፖንጅ ማርጠብንና ከንፈርን መቀባትን አስተማርኋቸው።

ያቺው 911 የደወለችው ልጅ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና በሌሊት ተረኛነቷ አንድ አባት ትንፋሻቸው ሲለወጥ አየች። መጀመሪያ ወደ ሆስፒሱ፣ ቀጥላም ወደ ልጃቸው፣ ከዚያ ወደ እኔ ደወለች። እኔ ስገባ ክፍሉ ውስጥ ደብዘዝ ያለ መብራት በርቶ፣ ልጃቸው በአንድ በኩል እጃቸውን ይዞ፣ እርሷ በሌላው በኩል ከንፈራቸውን እያረጠበች ነበር። ሊነጋጋ ሲል አረፉ፤ ነርሷ መጥታ እስክታረጋግጥ ድረስ ማንም ከአልጋው አጠገብ አልተነሳም።